ክሱ ቀርቶ ካሳው ሲመጣ፦ ኒውዚላንድ የአደጋ ተጎጂዎችን ከፍርድ ቤት ደጅ ያነሳችበት መንገድ

አንድን ሰው መኪና ገጨውና እግሩ ተሰበረ እንበል። ሕክምናውን ማን ይከፍላል? ሥራ በማይገባባቸው ወራት ቤቱ በምን ይተዳደራል? በብዙ አገሮች መልሱ የሚጀምረው «ጥፋቱ የማን ነው?» ከሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ጥፋተኛ ካለ ይከሰሳል። ጠበቃ ይቆማል፣ ምስክር ይጠራል፣ የሐኪም ማስረጃ ይቀርባል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል። ጥፋተኛ ከሌለ ወይም ጥፋቱ ካልተረጋገጠ ግን ተጎጂው ባዶ እጁን ይቀራል።

ኒውዚላንድ ከዚህ መንገድ ወጣች። ከኤፕሪል 1 ቀን 1974 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአደጋ የተጎዳ ሰው ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ከአንድ የሕዝብ ተቋም ካሳ ያገኛል። በምትኩ ለደረሰበት የአካል ጉዳት ካሳ ይከፈለኝ ብሎ ማንንም መክሰስ አይችልም።

የአካል ጉዳት ክሶች ሕግ ይሻሻል ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የአሜሪካው ክርክር ነው። እዚያ ማሻሻል ማለት በአብዛኛው ፍርድ ቤት በሚወስነው ካሳ ላይ ጣሪያ ማበጀት ነው። እኔ ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ሌላ ዓይነት ማሻሻያ እንዳለ ስለሚያሳይ ነው። ጣሪያው ከተጎጂው ይወስዳል፣ ምንም አይሰጠውም። የኒውዚላንዱ ለውጥ ግን ወስዶ ሰጠ። የሰጠውና የወሰደው ተመጣጠነ ወይ? ጽሑፉ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ከ1974 በፊት

አገሪቱ ያለ ምንም ሕግ አልነበረችም። በ1900 የሠራተኞች የካሳ ሕግ ወጣ። በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው የአሠሪውን ጥፋት ሳያስረዳ የተወሰነ ክፍያ ያገኝ ጀመር። በ1928 ባለመኪኖች የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ ግዴታ ሆነ። በ1938 ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ መጣ። ከእነዚህ ጎን ጥንቱኑ የነበረው በቸልተኝነት ጉዳት ያደረሰን ሰው የመክሰስ መብት አለ።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ ተጣጥመው አለመሠራታቸው ነበር። አከርካሪያቸው በተመሳሳይ መንገድ የተጎዳ ሦስት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ ነው የወደቀው። ሁለተኛውን ግድየለሽ ሹፌር ገጨው። ሦስተኛው ቤቱ ውስጥ ከራሱ መሰላል ወደቀ። የመጀመሪያው በሕጉ የተቆረጠችለትን ጥቂት ገንዘብ ያገኛል። ሁለተኛው የሹፌሩን ጥፋት ማስረዳት ከቻለ ጠቀም ያለ ካሳ ሊፈረድለት ይችላል፤ ካልቻለ ምንም አያገኝም። ሦስተኛው ድህነቱን አስመዝኖ መንግሥት የሚሰጠውን ድጎማ ይጠይቃል። ሦስቱም የሚያስፈልጋቸው ሕክምናና ገቢ ግን አንድ ነው።

ዳኛው

መንግሥት በ1966 የሠራተኞችን ካሳ የሚያጠና ንጉሣዊ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ኦወን ዉድሃውስ ነበሩ፤ በጊዜው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ የቸልተኝነት ክሶችን ችሎት ላይ ተቀምጠው ያዩ ሰው ናቸው። የተጠየቁት የሠራተኞችን ካሳ እንዲያጠኑ ብቻ ነበር። በዲሴምበር 1967 ያቀረቡት ሪፖርት ግን ከተጠየቁት እጅግ ያለፈ ሆነ።

ሪፖርቱ ገና ከጅምሩ የቸልተኝነት ክስን ሎተሪ አለው። በሥራ ላይ ከሚጎዱ መቶ ሰዎች መካከል በክስ መፍትሔ የሚያገኘው አንድ እንኳ አይሞላም፤ ያም መፍትሔ ወጥነት የለውም ሲል ደመደመ። እንዲህ ያለውን ነገር የተናገሩት ዕድሜያቸውን በሕግ ያሳለፉ ዳኛ መሆናቸው ክብደት ሰጠው።

የዉድሃውስ መከራከሪያ ቀላል ነው። ዘመናዊ ኑሮ መኪና ይፈልጋል፣ ፋብሪካ ይፈልጋል፣ ግንባታ ይፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ ማኅበረሰቡ በጠቅላላ ይጠቀማል። በየዓመቱ ስንት ሰው እንደሚጎዳ በስታቲስቲክስ ቀድሞ መገመት ይቻላል፤ ማን እንደሚጎዳ ብቻ ነው የማይታወቀው። እንግዲያው ጥቅሙ የሁሉም ከሆነ ሸክሙ ዕጣው በወጣበት ሰው ላይ ብቻ ለምን ይወድቃል?

ከዚህ ተነስቶ ሪፖርቱ አምስት መርሆች አስቀመጠ። ኃላፊነቱ የማኅበረሰቡ ነው። ሽፋኑ ሁሉንም ተጎጂ ያካትታል። ተጎጂው ሙሉ በሙሉ እንዲያገግም ይደረጋል። ካሳው እውነተኛ ካሳ ይሁን። አስተዳደሩም ቀልጣፋ ይሁን። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። በክስ ሥርዓት ተጎጂው ፈጥኖ መዳኑ በገንዘብ ይጎዳዋል፤ ካሳው የሚሰላው በጉዳቱ ልክ ነውና። የሰው ልጅ እያገገመ «አሁንም ታምሜያለሁ» ለማለት የሚገደድበት ሥርዓት የሕክምና ጠላት ነው።

ሐሳቡ ቶሎ ሕግ አልሆነም። የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቃወመ። የመድን ኩባንያዎች ገበያቸውን ሊያጡ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራት የመክሰስ መብታቸውን መስጠት ከብዷቸዋል። በ1969 የመንግሥት ማብራሪያ ሰነድ ወጣ፣ በ1970 የፓርላማ ኮሚቴ መረመረው። ሕጉን በ1972 ያጸደቀው የናሽናል ፓርቲ መንግሥት ነበር። ያ ሕግ የሚሸፍነው ሠርተው ገቢ የሚያገኙትንና የመኪና አደጋ ተጎጂዎችን ብቻ ነው። በዓመቱ የኖርማን ኪርክ የሌበር መንግሥት አሻሻለውና የቤት እመቤቷም፣ ተማሪውም፣ ጡረተኛውም ገቡበት። የሁለት ተፎካካሪ ፓርቲዎች እጅ ያለበት መሆኑ ዕድሜውን ሳያረዝመው አልቀረም።

አሠራሩ

ተቋሙ የአደጋ ካሳ ኮርፖሬሽን ይባላል፤ አገሬው የሚያውቀው ኤሲሲ በሚለው ምሕጻረ ቃል ነው። የተጎዳ ሰው ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሐኪሙ ያክመውና ማመልከቻውን እዚያው ይልክለታል። የሥራ ገቢውን ያጣ ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የደሞዙን 80 በመቶ እየተከፈለው ይቆያል። ዊልቸር ካስፈለገው፣ ቤቱ መወጣጫ ካስፈለገው፣ የሚንከባከበው ሰው ካስፈለገው ይሸፈናል። አገር ሊጎበኝ የመጣ የውጭ ሰው እንኳ እዚያው ሳለ ቢጎዳ ሕክምናው ይሸፈናል። 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር በዓመት 2 ሚሊዮን ገደማ ማመልከቻ ይቀርባል። አብዛኛው ወለምታና ቁስል ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከመዋጮ ነው። አሠሪው እንደ ሥራው አደገኛነት ይከፍላል፤ የደን ቆራጭ ድርጅትና የሒሳብ ቢሮ እኩል አይከፍሉም። ሠራተኛው ከደሞዙ ይቆረጥበታል። ባለመኪናው ከቤንዚኑ ዋጋና ከዓመታዊ ምዝገባው ላይ ያዋጣል። ገቢ ለሌላቸው መንግሥት ይከፍላል። በዚህም የተነሳ ጠቡ ከችሎት ወጥቶ ወደ ፖለቲካው ገባ። በ2009 የሞተር ሳይክል መዋጮ ሊጨምር ሲል ባለሞተሮች በሺዎች ሆነው ፓርላማው ደጅ ድረስ ነድተው ሄዱ። ይህ በጎ ነገር ይመስለኛል። አደጋ ስንት እንደሚያስወጣና ማን መክፈል እንዳለበት በአደባባይ ይሟገቱበታል።

የሕክምና ስህተት ጉዳይ ግን ብዙ አንገላቷል። በ1992ቱ ሕግ በሕክምና የተጎዳ ሰው ካሳ ለማግኘት ከሁለት አንዱን ማሳየት ነበረበት። ወይ ሐኪሙ ማጥፋቱን፣ ወይ ደግሞ የደረሰበት ነገር እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥምና ከባድ መሆኑን። በፊት በር የተባረረው የጥፋት ጥያቄ በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው። ሐኪሞች ስማቸው እንዳይነሳ ይከራከራሉ፣ ታካሚው ይጉላላል፣ ሆስፒታሉም ከስህተቱ አይማርም። በ2005 ይህ ተለወጠና «በሕክምና የደረሰ ጉዳት» የሚል አንድ መስፈርት ተተካ። አሁን የሚጠየቀው ጉዳቱ ከሕክምናው መጣ ወይስ አልመጣም የሚለው ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ሐኪም ራሱ ከታካሚው ጋር ቁጭ ብሎ ቅጹን ሊሞላ ይችላል። ሐኪም ለታካሚው «ይህ ነገር በእኔ እጅ ላይ ደረሰ» ለማለት ጠበቃ ማማከር የማያስፈልገው መሆኑን እንደ ትልቅ ድል አየዋለሁ።

የሐኪሙ ተጠያቂነት በሌላ መንገድ ይሄዳል። በኦክላንድ በአንድ የሴቶች ሆስፒታል በታካሚዎች ላይ የተፈጸመ በደል በ1987 እና 1988 በዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት ተመርምሮ ነበር። ከዚያ ምርመራ የተነሳ በ1994 የጤናና የአካል ጉዳተኞች ኮሚሽነር የሚባል መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ። ታካሚ አቤቱታ የሚያቀርበው ለዚህ ቢሮ ነው። ካሳው ከተጠያቂነቱ ተለየ። የዚህ ጉዳይ ቁልፉም ይኸው መለያየት ነው።

ከአሜሪካው መንገድ ጋር ሲተያይ

በ2006 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የታተመ ጥናት 1,452 የተዘጉ የሕክምና ስህተት ጉዳዮችን መርምሮ ነበር። ጉዳቱ ከደረሰበት እስከ እልባቱ በአማካይ አምስት ዓመት ይፈጃል። ለተጎጂ ከሚከፈለው እያንዳንዱ ዶላር ጎን ደግሞ 54 ሳንቲም ለጠበቃ፣ ለባለሙያ ምስክርና ለመሳሰለው ይወጣል። የተበደለ ሰው አምስት ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ ያውም ከዚያ ሁሉ ወጪ ጋር!

ለዚህ ችግር ካሊፎርኒያ በ1975 የሰጠችው መልስ ጣሪያ ነው። በሕክምና ስህተት ለደረሰ ሥቃይና የሕይወት ምሬት የሚከፈለው ከ250,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ቁጥሩ በ2022 በወጣ ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ አልተነካም፤ የገንዘቡ ዋጋ ግን በየዓመቱ ይወርድ ነበር። ጣሪያው ይበልጥ የሚጎዳው ማንን ነው? ሕፃኑን፣ አዛውንቱን፣ ቤት የምትውለውን እናት። የጠፋ ደሞዝ ብለው የሚያሰሉት ስለሌላቸው የሚቀራቸው የሥቃይ ካሳው ብቻ ነው። ጠበቃም ጉዳያቸው አያዋጣም ብሎ ይመልሳቸዋል። ይህን ማሻሻያ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ሎተሪው እንዳለ ቀርቶ ሽልማቱ ብቻ ቀነሰ።

የተከፈለው ዋጋ

የኒውዚላንዱ ሥርዓት ላይ የሚነሳው ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። መከሰስ ከሌለ ሰው ለምን ይጠነቀቃል?

በመንገድ ላይ ፍርሃቱ እውነት አልሆነም። የኒውዚላንድ መንገዶች ክፉኛ ሰው የጨረሱት በ1973 ነው፤ 843 ሰው ሞተ። ሥርዓቱ የጀመረው በማግስቱ ዓመት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ያን ያህል ደርሶ አያውቅም። በ2013 የሞቱት 253 ናቸው። ቁጥሩን ያወረደው ኤሲሲ ነው አልልም፤ የወንበር ቀበቶው፣ የፍጥነት ገደቡ፣ የተሻሉት መኪኖች አሉ። ነገር ግን ሹፌሮች መከሰስ ስለቀረ አላበዱም። ድሮም ቢሆን የሚከፍለው መድን ነበር። ሹፌር የሚጠነቀቀው ደግሞ ለነፍሱና ለመንጃ ፈቃዱ ነው።

በድርጅቶችና በመሥሪያ ቤቶች በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሥርዓቱ ደጋፊዎች ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ፤ እኔ ማለፍ አልፈልግም።

ኤፕሪል 28 ቀን 1995 ኬቭ ክሪክ በሚባል ቦታ ገደል ላይ የተሠራ የመመልከቻ መድረክ ተደርምሶ 14 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። መድረኩን ያሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በብሎን መታሰር የነበረበት በምስማር ተመትቶ ነበር። ቤተሰቦቹ ለካሳ መክሰስ አይችሉም። መንግሥት ደግሞ በወቅቱ ሕግ በወንጀል አይከሰስም ነበር። ልጅ ሞቶ የሚጠየቅ ጠፋ። የመንግሥት ተቋማት በወንጀል እንዲጠየቁ የሚያስችል ሕግ የወጣው በ2002 ነው።

ኖቬምበር 19 ቀን 2010 በፓይክ ሪቨር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሚቴን ጋዝ ፈንድቶ 29 ሠራተኞች አለቁ። ሁለት ብቻ ወጡ። የመንግሥት የማዕድን ተቆጣጣሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በድርጅቱ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ላይ የተመሠረተው ክስ በ2013 ሲቋረጥ በምትኩ 3.41 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ለቤተሰቦቹ ተከፈለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 ያ ስምምነት ሕገ ወጥ ነበር አለ። ሥራ አስኪያጁ ግን እንደገና አልተከሰሱም።

ከፓይክ ሪቨር በኋላ በ2013 ዎርክሴፍ የሚባል የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ተቋቋመ፣ በ2015 ደግሞ የድርጅት ኃላፊዎችን በግል የሚጠይቅ ጠንካራ ሕግ ወጣ። ሁለቱም ትክክለኛ እርምጃዎች ናቸው። የመጡት ግን ኤሲሲ ከተጀመረ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የክስን መንገድ የሚዘጋ አገር በዚያው ቀን ጥርስ ያለው ተቆጣጣሪ ማቆም አለበት። ፍርድ ቤት ለተጎጂው ገንዘብ ከማስገኘት ሌላ ሰነድ ያስወጣ፣ አለቃውን ችሎት አቁሞ ያስመሰክር ነበር። ይህ ሥራ ባለቤት አልባ ሆኖ ቀረ። ለቅጣት የሚጠየቅ ልዩ ካሳ አሁንም በሕግ አለ፤ ነገር ግን በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰኑን አጥብቦ ሆን ብሎ ወይም አደጋውን እያወቀ ጉዳት ያደረሰ ሰው ላይ ብቻ እንዲጠየቅ አደረገው።

የተሸረሸረው ቃል

ሕዝቡ የመክሰስ መብቱን የሰጠው በልዋጩ ሙሉ ሽፋን ሊያገኝ ነበር። በ1992 መንግሥት ወጪ በዛብኝ ብሎ ለቋሚ ጉዳትና ለሥቃይ በአንድ ጊዜ ይከፈል የነበረውን ገንዘብ አስቀረ፤ አነስተኛ የየጊዜ ክፍያ ተካበት። ከአካል ጉዳት ጋር ያልተያያዘ የአእምሮ ጉዳትም በአብዛኛው ከሽፋኑ ወጣ። የመክሰስ መብቱ ግን አልተመለሰም። የሠራተኛ ማኅበራት «ተከዳን» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በ2002 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ለቋሚ ጉዳት እስከ 100,000 የኒውዚላንድ ዶላር የሚደርስ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተመለሰ።

አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ የዚህን ውል ባሕርይ በደንብ ያሳያል። አንድ ባል ሚስቱ በወንዝ ጀልባ ጉዞ ላይ ውኃ ሲወስዳት እያየ ቀረና አእምሮው ተጎዳ። ከ1992 ወዲህ ኤሲሲ ይህን አይሸፍንም። ፍርድ ቤቱም ካልተሸፈነ የክስ በሩ ክፍት ነው ብሎ እንዲከስ ፈቀደለት። ሽፋኑ በቆመበት ክሱ ይነሳል። ፍትሐዊ ነው። መንግሥታትም ሽፋን ሲቀንሱ ምን እንደሚቀሰቅሱ ያስታውሳቸዋል።

ያልተሻገሩት ድንበር

የመጨረሻው ችግር በአደጋና በሕመም መካከል ያለው መስመር ነው። ከጣሪያ ወድቆ እግሩን ያጣ ሰው የደሞዙ 80 በመቶ ይከፈለዋል። በስኳር በሽታ እግሩን ያጣ ጎረቤቱ በመንግሥት ሆስፒታል ይታከማል፤ ገቢው ግን የሚደገፈው የቤተሰቡ አቅም ተለክቶ ነው። ከሥራ ጋር ከተያያዙ በሽታዎች በቀር ሕመም በኤሲሲ አይሸፈንም። የሦስቱን ተጎጂዎች ልዩነት የሻረው ሥርዓት ሌላ ልዩነት ፈጠረ ማለት ነው። መስመሩ ላይ ያሉትም ዕድሜያቸውን ሙሉ ይከራከሩበታል። በወሊድ ጊዜ እናቶች ላይ የሚደርሱ የተወሰኑ ጉዳቶች እንኳ በሕግ የተካተቱት ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ነው።

ዉድሃውስ ሕመም ቀጥሎ እንዲገባ ይፈልጉ ነበር። የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም ጋብዘዋቸው ለዚያች አገር ባዘጋጁት እቅድ ውስጥ ሕመምንም አስገብተውት ነበር፤ በ1975 የዊትላም መንግሥት ሲሰናበት እቅዱም አብሮ ወደቀ። ዉድሃውስ በ2014 በ97 ዓመታቸው አረፉ። በ2022 የኒውዚላንድ መንግሥት በሕመም ወይም በቅነሳ ሥራቸውን ላጡ ሰዎች የደሞዛቸውን 80 በመቶ ለተወሰነ ጊዜ የሚከፍል መድን አቅዶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስ ሂፕኪንስ የኑሮ ውድነቱን ምክንያት አድርገው አቆሙት። በስኳር በሽታ እግሩን ያጣው ሰው ዛሬም ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ነው።